ከድንበር ማዶ የሚመጣ አደጋ፦ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና ዳርቻው

አንድን የተፈጥሮ ሥፍራ ከጥፋት ለመጠበቅ በመጀመሪያ የሚታሰበው ርምጃ ድንበሩን መከለል ነው። ይሁን እንጂ ጎርፍ፣ በሽታና እሳት በካርታ ላይ የተሰመረን ድንበር አያውቁም። ስለሆነም የአንድ ጥብቅ ሥፍራ ዕጣ የሚወሰነው በውስጡ ባለው ሀብት ብቻ ሳይሆን በዳርቻው በሚካሄደው ሥራና ኑሮ ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ሐሳብ በስሜን ተራሮች ምሳሌነት ማብራራት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባሕር የተገኘ ትምህርት

ጉዳዩን በግልጽ ለመረዳት የኮራል ሪፍን መመልከት ይጠቅማል። ኮራል ሪፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት የኖራ ዐለት ነው። አብዛኞቹ ሪፍ ገንቢ ኮራሎች ምግባቸውን በብዛት የሚያገኙት በአካላቸው ውስጥ ከሚኖሩ፣ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ከሚያዘጋጁ ደቂቅ አልጌዎች ነው። በባሕር ዳርቻ የሚበቅለው የማንግሮቭ ደን ተመንጥሮ ሆቴልና መንገድ ሲሠራ፣ ሥሮቹ ይዘውት የነበረው ደለል ወደ ባሕሩ ይገባል። ውኃው ሲደፈርስ ብርሃን ይቀንሳል፤ ኮራሉም ይራባል። ሪፉን ማንም ሳይነካው ይሞታል ማለት ነው።

በመካከለኛው አሜሪካ የሚገኘው የቤሊዝ ሪፍ በ1996 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ ማንግሮቭ በመቆረጡና መሬቱ ለግንባታ በመሸጡ በ2009 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። መንግሥት የነዳጅ ፍለጋን በሕግ ካገደና ለማንግሮቭ ጥበቃ ካደረገ በኋላ፣ በ2018 ከመዝገቡ ወጣ። የእኛው ስሜንም በዚሁ መዝገብ ውስጥ አልፏል።

በየብስ ላይ ያለ ደሴት

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ሲሆን፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። በከፍታ ላይ የሚኖሩ እንስሳት ዙሪያቸውን በእርሻና በመንደር ሲከበቡ፣ በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ይነጠላሉ።

የዳርቻው ጫና በሦስት መንገዶች ይደርስባቸዋል። አንደኛው የግጦሽ ሽሚያ ነው። ሣሩ ከመጠን በላይ ሲጋጥ አፈሩ ይራቆታል፤ በክረምት ዝናብ ታጥቦም ወደ ተከዜ ተፋሰስ ይወርዳል። ሁለተኛው በሽታ ነው። የቤት ውሾች የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ በባሌ ተራሮች በዚህ በሽታ በርካታ ቀበሮዎች አልቀዋል። ሦስተኛው የመኖሪያ መቆራረጥ ነው። መንጋዎች በመንገድና በእርሻ ሲለያዩ መገናኘት ይሳናቸዋል፤ በቅርብ ዘመድ መካከል የሚደረግ መራባትም ይበዛል። ቁጥሩ በመቶዎች ብቻ ለሚቆጠረው ዋልያ ይህ ከባድ አደጋ ነው።

መንገዱና መንደሩ

በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ከቀረቡት ምክንያቶች መካከል የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የእርሻ መስፋፋትና ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ይገኙበታል። እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ራስ ደጀን በሚገኝበት በበየዳ ወረዳ ለሚኖር ገበሬ፣ ወደ ደባርቅ የሚያደርስ መንገድ ማለት ገበያ፣ ሐኪምና ትምህርት ማለት ነው። «መንገድ ይቅር» የሚል ጥበቃ የአካባቢውን ሕዝብ ድጋፍ ሊያገኝ አይችልም። የተመረጠው መፍትሔም ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ መሥራት ነበር።

በሌላ በኩል 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው የፓርኩ ስፋት የራስ ደጀንን አካባቢ ጨምሮ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር እንዲያድግ ተደረገ፤ ይህም ለእንስሳቱ መተላለፊያ ይሰጣል። በ2016 በፓርኩ ውስጥ ገብስ ያመርቱና ከብት ያረቡ የነበሩ ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ሆኖም የጥበቃው ዋጋ በማን ላይ እንደወደቀ መዘንጋት አይገባም፤ ሞፈርና ቀንበሩን ትቶ ከተማ ለገባ ገበሬ አዲስ መተዳደሪያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከመዝገብ መውጣት ደግሞ የሥራው መጨረሻ አይደለም። በ2019 በፓርኩ የተነሣውን ሰደድ እሳት ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ በብዛት ወጥቷል፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። እርዳታው ከሩቅ ቢደርስም፣ ሁልጊዜ በሥፍራው የሚገኘው የዳርቻው ነዋሪ ነው።

ማጠቃለያ

ኮራሉን የባሕር ዳርቻው ማንግሮቭ እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ ዋልያንም የሚጠብቀው በተራሮቹ ግርጌ ያለው ሕዝብ ነው። ከቱሪዝም ገቢ ድርሻ የሚያገኝ፣ ለከብቱ መኖ ለውሻውም ክትባት ያለው ነዋሪ ከማንኛውም አጥር ይበልጣል። ጥበቃ ከዳርቻው ይጀምራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የማንግሮቭ ደን ለኮራል የሚሰጠውን ጥቅም፣ የተራራ ሣር ለአፈር ከሚሰጠው ጥቅም ጋር አነጻጽሩ።
2. አነስተኛ ቁጥር ያላቸው መንጋዎች ሲነጣጠሉ የመጥፋት አደጋቸው የሚጨምረው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ደን፣ ሐይቅ ወይም ተራራ ምረጡ፤ ከዳርቻው የሚመጡበትን ጫናዎችና ነዋሪውን የማይጎዱ መፍትሔዎችን ዘርዝሩ።