በሜዳው ሳይጫወት ዋንጫ ያነሣ ቡድን፦ የ2013 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የውድድር ዘመንና የተጫዋቾች ብቃት ምዘና

የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ፣ በዚያ የውድድር ዘመን በጎንደር ምድር አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር 29 ግቦችን አስቆጥሮ፣ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 በመብራት ኃይል ማልያ ያስመዘገበውን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ሁለቱም ክንውኖች በስፖርት ጋዜጠኞች ዘንድ በሰፊው ተወስተዋል። ይሁን እንጂ የተወሱት በአብዛኛው እንደ ድል ዜና እንጂ እንደ ማስረጃ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው የ2013 የደረጃ ሰንጠረዥና የግብ አግቢዎች ዝርዝር ከቀደሙትና ከተከተሏቸው ዓመታት ጋር እንዲሁ ተደርድረው ሊነበቡ አይገባም በማለት ነው። ምክንያቱም ቁጥሮቹ የተገኙበት ሁኔታ የተለየ ነበር፤ ያ ሁኔታ በውል ከተያዘ ደግሞ ዘመኑ ለተመራማሪ ከማናቸውም መደበኛ ዘመን ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

የውድድሩ አወቃቀር

የ2012 የውድድር ዘመን በኮቪድ ወረርሽኝ ሳቢያ ተቋርጦ ያለ ሻምፒዮን ተሰርዟል። ሊጉ በታኅሣሥ 2013 ሲመለስ ሦስቱ የትግራይ ክለቦች፣ የ2011 ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ፣ በጦርነቱ ምክንያት አልተሳተፉም። የቀሩት 13 ክለቦች ነበሩ። ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ በእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ቡድን አራፊ ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክለብ 24 ጨዋታዎችን በ26 ሳምንታት ውስጥ አድርጓል፤ ጠቅላላው ጨዋታም 156 ነው። ይህ ቀላል ስሌት ችላ ሲባል በመሀል ዘመን የወጡ ሰንጠረዦች አንባቢን ያሳስታሉ፤ ያረፈውና ያላረፈው ቡድን በአንድ ዓምድ ተሰልፈው ነጥባቸው ሲነጻጸር አንዱ ሁልጊዜ አንድ ጨዋታ ይጎድለዋልና።

ጨዋታዎቹ በየክለቡ ከተማ መካሄዳቸው ቀርቶ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰባሰቡ፣ ለጥቂት ሳምንታት እየተጫወቱ፣ ወደ ቀጣዩ ከተማ እየተዛወሩ ዘመኑን ጨርሰዋል። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬ ዳዋና ሐዋሳ አስተናጋጆች ነበሩ። ለዚህ ወረርሽኙ አንዱ ምክንያት ሲሆን ሌላው የቴሌቪዥን ሥርጭት ነው፤ የሊጉን የሥርጭት መብት የገዛው ሱፐር ስፖርት ጨዋታዎቹን ከዚህ ዘመን ጀምሮ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀምሯል። የቀረጻ መኪናና ባለሙያ በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ከሚንከራተት ቡድኖቹ ቢሰባሰቡ ይቀላል።

ባለሜዳነት በወረቀት ላይ

በጨዋታ መርሐ ግብሩ ላይ ግን አንዱ ቡድን «ባለሜዳ»፣ ሌላው «ተጋባዥ» እየተባለ መጻፉ አልቀረም። ዓለም አቀፍ የውጤት መዝገቦችም ጨዋታዎቹን በዚሁ መልክ መዝግበዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ሊግ የባለሜዳ ብልጫ ለማስላት የሚነሣ ተማሪ የ2013ን ውጤት ከ2011 ጋር ደምሮ ቢያሰላ፣ ሐዋሳ ላይ ፋሲል ከነማ «በሜዳው» ተጫወተ ብሎ ይቆጥራል። የስሌቱ ስሕተት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን 156 ጨዋታ ሙሉ የአንድ ዘመን መረጃ ነው፤ ተሰባስቦ የመጫወቱ ሥርዓትም በቀጣዮቹ ዓመታት ስለ ቀጠለ ስሕተቱ ከዓመት ዓመት ይከማቻል።

የባለሜዳ ብልጫ ከምን ይመነጫል የሚለው ጥያቄ በስፖርት ሳይንስ ውስጥ ገና እልባት አላገኘም። በተለምዶ አራት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ፦ የደጋፊ ድምፅ፣ የተጋባዡ የጉዞ ድካም፣ ባለሜዳው ሜዳውንና አየሩን መልመዱ፣ እንዲሁም ዳኛው በደጋፊ ተጽዕኖ ሥር መውደቁ። ወረርሽኙ በአውሮፓ ስታዲየሞችን ባዶ ባደረገ ጊዜ ተመራማሪዎች የደጋፊውን ድርሻ ለይተው ለማየት ዕድል አግኝተዋል፤ በጀርመን ቡንደስሊጋና በሌሎች ሊጎች ላይ የተሠሩ በርካታ ጥናቶችም የባለሜዳው ብልጫ መቀነሱን፣ ለተጋባዡ የሚመዘዘው ካርድም ማነሱን አሳይተዋል። በዚያ ግን ቡድኖቹ ከየሜዳቸው አልተነቀሉም፤ የራቀው ደጋፊው ብቻ ነው። የኢትዮጵያው 2013 ከዚህ ይለያል፦ የደጋፊው ቁጥር ከመገደቡም በላይ ጉዞውም፣ ሜዳውም፣ አየሩም ለሁለቱ ተጋጣሚዎች አንድ ሆነ። ከዚህ ውጪ የሆነው በየተራው አስተናጋጅ የሆነው ከተማ ክለብ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ከነማ ጨዋታዎቹ ባሕር ዳር በቆዩባቸው ሳምንታት በራሱ ሜዳ ተጫወተ፤ በሌሎቹ አራት ከተሞች ግን እንደ ማንም እንግዳ ነበር። ጅማ አባ ጅፋር፣ ድሬ ዳዋ ከተማና ሐዋሳ ከተማም እንዲሁ።

በአንድ ክለብ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ የተጫዋቾች ስብስብ ውስጥ «በሜዳው» እና «ከሜዳው ውጪ» ተለይቶ የሚታይበት ይህን የመሰለ የተፈጥሮ ሙከራ ማግኘት ቀላል አይደለም። ፋሲል ከነማ ደግሞ የሙከራው ሌላ ጫፍ ነው፤ ከአምስቱ ከተሞች አንዱም የእርሱ አልነበረምና የሰበሰበው ነጥብ ሁሉ በሰው ሜዳ የተገኘ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቆዩት ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ግን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በለመዱት ከተማ አሳልፈዋል። የአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ቡድን ከእነዚህ በላይ ሆኖ መጨረሱ ሰንጠረዡ ብቻውን ከሚናገረው ይልቅ ከፍ ያለ ክንውን ያደርገዋል።

ሙከራው ግን ንጹሕ አይደለም። ከተሞቹ ተራ በተራ ስላስተናገዱ ቦታና ጊዜ ተደበላልቀዋል፤ አንድ ቡድን ሐዋሳ ላይ ቢዳከም ምክንያቱ ሐዋሳ ይሁን የዘመኑ ማብቂያ ድካም ከውጤቱ ብቻ መለየት አይቻልም። የሜዳው ሣርም አለ፦ ለአንድ ክለብ የተዘጋጀ ሜዳ የአሥራ ሦስት ክለቦችን ጨዋታ ሲሸከም በመጨረሻው ሳምንት የሚገኘው ሜዳ በመጀመሪያው ሳምንት የነበረው አይደለም፤ ኳስን በመሬት ይዞ የሚጫወት ቡድን ከዚህ የበለጠ ይጎዳል። ከፍታውንም መዘንጋት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ባሕር ዳር 1,800፣ ድሬ ዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ናቸው። ከደጋ ወርዶ በድሬ ዳዋ ሙቀት መጫወት ለጎንደር ልጅ አንድ ነገር፣ ለድሬ ዳዋ ልጅ ሌላ ነገር ነው።

ሃያ ዘጠኝ ግብ በምን ይካፈላል?

የተጫዋች ብቃት ምዘና በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ከግብ ቁጥር ያለፈ መሠረት አልነበረውም። አቡበከር 29፣ የፋሲል ከነማው ሙጂብ ቃሲም 20 ማለት የዘመኑ መደምደሚያ ይሆናል። ቁጥሩ በክለቡ 24 ጨዋታዎች ሲካፈል አቡበከር በአማካይ 1.21፣ ሙጂብ 0.83 ግብ ያገኛሉ። ይህ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ትክክለኛው አካፋይ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ የቆየባቸው ደቂቃዎች ናቸው፤ ከተካፋዩም ውስጥ በፍጹም ቅጣት ምት የተገኙት ግቦች ተለይተው መቆጠር ይኖርባቸዋል። ፍጹም ቅጣት ምትን የሚመታው ተጫዋች በአሠልጣኙ ምርጫ የሚወሰን ስለሆነ፣ ያንን ግብ ለግለሰቡ ብቻ መስጠት የቡድኑን ውሳኔ የተጫዋቹ ችሎታ አድርጎ መቁጠር ነው።

የአካፋይ ጉዳይ በእግር ኳስ ብቻ የተነሣ አይደለም። የእንግሊዝ አውራጃ ቡድኖች የሚወዳደሩበት ክሪኬት ከ1864 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ በሚወጣው «ዊዝደን» በተባለው መጽሐፍ ሲመዘገብ ኖሯል። በዚያ የአንድ መቺ አማካይ ውጤት የሚሰላው ያስቆጠረው ነጥብ በተጫወተበት ጊዜ ብዛት ሳይሆን ከጨዋታ በወጣበት ጊዜ ብዛት ተካፍሎ ነው። ሳይወጣ የጨረሰበት ነጥብ ይደመርለታል፤ በአካፋዩ ላይ ግን አይቆጠርበትም። ስለዚህ በመጨረሻ ተራ እየገባ ብዙ ጊዜ ሳይወጣ የሚጨርስ መቺ ከብቃቱ በላይ የሆነ አማካይ ሊይዝ ይችላል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ መዝገብ ያላቸው ሰዎች እንኳ በአካፋዩ ላይ እየተከራከሩ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ሙሉ የቪዲዮ መዝገብ በ2013 ያገኘ ሊግ ጥያቄውን ለማንሣት አልዘገየም።

የሁለቱ ክብረ ወሰኖች ንጽጽር ሌላ ነገርም ያሳያል። በ1993 የዮርዳኖስ ቡድን መብራት ኃይል ሻምፒዮን ነበር፤ ኮከቡና ዋንጫው አንድ ቤት ገቡ። በ2013 ግን 29 ግብ ያስቆጠረው ተጫዋች ክለብ፣ የአሠልጣኝ ካሳዬ አራጌው ኢትዮጵያ ቡና፣ ሁለተኛ ወጣ። ዋንጫው የሄደው አጥቂው በዘጠኝ ግብ ወደሚያንስ ቡድን ነው። ልዩነቱን የሞላው እንግዲህ በግብ አግቢዎች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በአማካይ ክፍሉ በሱራፌል ዳኛቸው፣ በመስመሩ በሽመክት ጉግሳ፣ በተለይም አምበሉ ያሬድ ባየህ በሚመራው የተከላካይ ክፍል ውስጥ መፈለግ አለበት። ተከላካይ የከለከለውን ግብ የሚመዘግብ የለም።

በዚህ ረገድ የያሬድ ነገር ሊጤን ይገባል። በጥር 2014 በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ባደረገችው የመክፈቻ ጨዋታዋ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቡድኑም 1 ለ 0 ተሸነፈ። በብዙ ተመልካች ትዝታ የቀረው ይህ ደቂቃ ነው። ሃያ አራት ጨዋታ የፈጀው የሻምፒዮንነት ሥራው ግን ለተመልካች የሚታይ አኃዝ ስላልተረፈለት ከአንድ ደቂቃ ጋር ሊመዛዘን አልቻለም። የአጥቂ ስሕተት ይረሳል፤ ግቡ ይቆጠርለታልና። የተከላካይ ግን ስሕተቱ ብቻ ይቆጠራል።

«ሜዳችን» በባሕር ዳር

የባለሜዳነት ጥያቄ ለፋሲል ከነማ ከሊጉ በኋላ በሌላ መልክ ተመልሷል። ሻምፒዮኑ በ2014 መባቻ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ የሱዳኑን አል ሂላል ገጠመ። «የሜዳው» ጨዋታ የተካሄደው ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በባሕር ዳር ስታዲየም ሲሆን 2 ለ 2 ተጠናቀቀ፤ በሱዳን 1 ለ 1 ተለያዩ። በድምሩ 3 ለ 3 ነው። ይሁንና ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ግብ በሚበልጥበት ደንብ አል ሂላል አለፈ። አንድ ሙሉ ዓመት ያለ ሜዳ ተጫውቶ ያሸነፈ ቡድን፣ ሳይሸነፍ፣ በባለሜዳነት ደንብ ወጣ።

በዚያው ክረምት የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት ይህንኑ ደንብ ከውድድሮቹ ሰርዞ ነበር። ያቀረበው ምክንያት አኃዛዊ ነው፦ ከ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ባለሜዳው የሚያሸንፍባቸው ጨዋታዎች ከ61 ወደ 47 በመቶ ወርደዋል፤ ተጋባዡ የሚያሸንፍባቸው ከ19 ወደ 30 በመቶ ከፍ ብለዋል። አኃዙ የአውሮፓ ነው። የአፍሪካ ጉዞ፣ ሜዳና አየር ከዚያ ስለሚለይ መደምደሚያውን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ለመሞገት ግን የራስ መረጃ ያስፈልጋል።

የባሕር ዳር ስታዲየምም ብዙ አልቆየም። በኅዳር 2012 ብሔራዊ ቡድኑ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፈው፣ በሁለተኛው ጨዋታ አቡበከርም ከአራቱ አንዷን ያገባው በዚህ ሜዳ ነበር። በ2014 መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳው መስፈርቱን አያሟላም በማለቱ፣ ኢትዮጵያ ከጋና ጋር የነበራትን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ «በሜዳዋ» ያደረገችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ባሕር ዳር ከነማም በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም ሲገጥም የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው በአዲስ አበባ ነበር፤ ያንን ዙር በፍጹም ቅጣት ምት አልፏል።

ከዓባይ በረሃ ማዶ ያለው የጎጃም ደጋ በ2013ቱ ሊግ የነበረው ክለብ ይኸው ባሕር ዳር ከነማ ብቻ ነው። ከደብረ ማርቆስ የሚነሣ ተመልካች ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ በታች ባሉት ሊጎች የሚጫወተው ወጣት ደግሞ ጨዋታው አይቀረጽም። ስለዚህ የፕሪሚየር ሊጉ ተከላካይ ቢያንስ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታይ 24 ጨዋታ ሲኖረው፣ የታችኛው ሊግ ተከላካይ ያለው የአሠልጣኙ ቃል ብቻ ነው። በስፖርት ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አቅም ሊሠራ የሚችለው ሥራ እዚህ ላይ ነው። አንድ ካሜራ ከፍ ባለ ቦታ ተተክሎ ሙሉ ጨዋታ ይቀረጻል፤ ሁለት መዝጋቢዎች ሳይመካከሩ ኳስ የተነጠቀበትን፣ የተቋረጠበትንና ወደ ፊት የተሻገረበትን ቦታና ደቂቃ ይመዘግባሉ፤ የመዝገቦቻቸው ስምምነት በኮኸን ካፓ ይለካል። ስምምነቱ ዝቅ ካለ የሚስተካከለው መጀመሪያ የምድቦቹ ትርጓሜ ነው። በ2013 የተቀረጹት 156 ጨዋታዎች ለዚህ ሥራ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ፤ የ«ባለሜዳ» ዓምዳቸው ግን ከመነሻው ተሰርዞ በምትኩ ጨዋታው የተካሄደበት ከተማ፣ ሳምንቱና በሜዳው ላይ እስከዚያ ቀን የተደረጉት ጨዋታዎች ብዛት ሊገባ ይገባል።