የባሕር ድንጋይ ቤት አድሶ መሸጥ

ጅቡቲ መሃል ከተማ ያለ አሮጌ ቤት አድሳችሁ ልትሸጡ ከተነሣችሁ ቀለም አትግዙ። ቢያንስ በመጀመሪያው ወር አትግዙ። እኔ ሥራውን የጀመርኩት ቀለም በመግዛት ነበር፤ ምን እንዳስከፈለኝ ከታች ታነቡታላችሁ።

የምናገረው ባለ ቅስትና ባለ በረንዳ ስለሆኑት ነጫጭ ቤቶች ነው። ቀድሞ ምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረውና ዛሬ በአገሪቱ የነፃነት ቀን የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ በተሰኘው ቦታ ዙሪያ ብዙዎቹ አሁንም ቆመዋል። ፈረንሳዮች ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1888 ሲቆረቁሩ፣ ኋላም በ1897 የሸመንደፈሩ ሥራ ተጀምሮ ነጋዴው ሲጎርፍ፣ ለግንብ የሚሆነው ድንጋይ እዚያው ባሕሩ ዳር ነበር፤ ኮራል። ምጽዋን ወይም ሱዋኪንን ያየ ሰው ይህን ግንብ ያውቀዋል። ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው። አባቴ የሸመንደፈር ሠራተኛ ነበርና ጡረታ ሲወጣ የያዘልን ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ወረቀቱን ከሁሉ በፊት ጨርሱ፤ ቲትር ፎንሲዬው፣ ማለትም የይዞታ ሰነዱ፣ በማን ስም እንደተጻፈ ዶሜን ከሚባለው የመሬት ቢሮ ሄዳችሁ አጣሩ፣ ወራሾች ካሉ አንድም ሳይቀር ይስማሙ፣ ውሉም በኖተር ይሁን። ጣሪያውን ውኃ አፍስሳችሁ ፈትሹ፣ የሚያፈሰውን ድፈኑ። ባለ ስንጥቅ የእንጨት መዝጊያዎቹን ግን በአሉሚኒየም አትለውጡ፤ የበሰበሰውን እንጨት ብቻ እየለያችሁ አስጠግኑ። ከፍ ያለውንም ኮርኒስ ዝቅ አታድርጉት፤ በሐምሌ ሙቀት ቤቱን ቤት የሚያሰኘው እሱ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። እባካችሁ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የቤታችን ልስን የላይኛው ንጣፍ ተላልጦ ነበር። ያማከርኩት ግንበኛ በሲሚንቶ እንለስነውና የፕላስቲክ ቀለም እንቀባው አለኝ። በዘጠኝ ቀን ተጠናቀቀ። ቤቱ እንደ ሙሽራ አማረ፤ ፎቶ አነሣሁ፣ ደላሎችን ጠራሁ። አንድ የሙቀት ወቅት እንዳለፈ፣ ዋጋ ተስማምተን የነበረ ገዢ ከባለቤቱ ጋር ዳግመኛ ሊያይ መጣ። ሴትየዋ መኝታ ቤት ገብታ ያበጠውን ቀለም በእጇ ጫን ስታደርገው የትሪ ስፋት ያለው ልስን ተገንጥሎ ወደቀ። ከጀርባው የድንጋዩ ገጽ እንደ ዱቄት ተከተለው። ሰውየው ምንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ስልክም አላነሣልኝ፤ አልፈርድበትም። ያሳየሁት ሌላ፣ የሸጥኩለት ሌላ ሊሆን ነበር።

ምክንያቱን ያስረዳኝ ዕድሜውን በኖራ ሥራ ያሳለፈ አንድ አዛውንት ግንበኛ ነው። ኮራል ከባሕር ሲወጣ ጨው በሆዱ ይዞ ነው። በዚያ ላይ ከመሬትም ከአየርም ጨዋማ ርጥበት ይስባል። ግድግዳው ሲሞቅ ርጥበቱ ጨውን ተሸክሞ ወደ ውጭ ይወጣል። ልስኑ የኖራ ከሆነ ያሳልፈዋል፤ ጨው ገጹ ላይ እንደ ዱቄት ያብባል፣ በደረቅ ብሩሽ ትጠርጉታላችሁ። ሲሚንቶና የፕላስቲክ ቀለም ግን መውጫውን ይዘጉበታል። ጨው ከልስኑ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ቦታ ይፈልጋል፤ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረካክሰዋል። ስለዚህ የሚረግፈው ልስኑ ብቻ አይደለም። መቶ ዓመት የቆመው ግንብ አብሮት ይሄዳል።

እናም ማንኛውም ሰው «ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት፣ ቶሎ እንዲይዝ» ሲላችሁ አትስሙት። ትንሽም ቢሆን። ለምናችሁም አላቆም ካለ ሥራውን አስቁሙት።

ቀድሞ የተለሰነ ሲሚንቶ ካለ በመዶሻና በቀጭን መሮ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በእርጋታ አንሡት። ኮራሉ ለስላሳ ስለሆነ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አትምቱት። ድንጋዩን አብሮ ካልሆነ አልነሣም ያለውን ቦታ ተዉት፤ ሌላው ሲተነፍስ እሱም በጊዜው ይለቃል።

ቀጥሎ ጨውን ማውጣት ነው። አሮጌ ጋዜጣ በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፉና እንደ ሊጥ ሲሆን ግድግዳው ላይ የጣት ውፍረት ያህል ለጥፉት። ሲደርቅ ጨውን መጥጦ በራሱ ይላቀቃል። የደረቀው ወረቀት ላይ ነጭ ነገር መታየቱ እስኪያቆም ድገሙት፤ እኔ መኝታ ቤቱን አራት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ውኃው ወሳኝ ነው። የጅቡቲ የጉድጓድ ውኃ ጨዋማ ስለሆነ በእሱ ከሠራችሁ ጨውን በጨው ልታወጡ መሞከራችሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በቧንቧ የሚመጣው ውኃ ከደረሳችሁ መልካም። የእኔ ዘዴ ግን ከእሱም ይቀላል፤ ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበውን ውኃ በባልዲ አጠራቅማለሁ። ከአየር የወረደ ስለሆነ ጨው የለበትም፤ በዚህ ከተማ ወበቅ ደግሞ ባልዲው ቶሎ ይሞላል።

ኖራውን ከሥራው ሁለት ወር ቀድማችሁ አዘጋጁ። ጥሬ ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይንም ያጠፋል። የግድ በእሱ የምትሠሩ ከሆነ ኖራውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃውን በኖራው ላይ በፍጹም አታፍስሱ፤ መነጽር አድርጉ፣ ልጆችን ከግቢ አስወጡ። እኔ ጥሬውን ትቼ በከረጢት የሚሸጠውን፣ ቀድሞ በውኃ የበረደ የኖራ ዱቄት በበርሜል ዘፍዝፌ፣ ላዩ ላይ አንድ ስንዝር ውኃ አስቀርቼ እከድነዋለሁ። በሁለት ወሩ እንደ ቅቤ ይሆናል። አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ለውሱት፤ አሸዋው ከደረቅ ወንዝ የመጣ እንጂ ከባሕር ዳር የተዛቀ አይሁን፣ የሆነው ሆኖ እጠቡት።

ግድግዳውን አርጥባችሁ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ለስኑ። ሁለተኛውን ንጣፍ ሳምንት ሳይሞላ አትጀምሩ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ እያለ ነው፤ ድንገት ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይቦንናል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ ስቀሉበት፣ ጠዋትና ማታ ውኃ እርጩበት፣ ፀሐይ የሚመታውን ጎን ጥላ ሲያርፍበት ሥሩ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። በግንቦት ልጀምር የምትሉ ከሆነ መዶሻውን አስቀምጡና ጠብቁ፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ የሙቀት ነፋስ የአንድ ሳምንት ልስን በአንድ ከሰዓት ያደርቀዋል።

ማቅለሚያው ቀጭን የኖራ ውኃ ነው፣ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። እናቴ ነጭ ልብስ ስታጥብ እንደምታደርገው ጥቂት ኒላ ጣል አደርግበታለሁ፤ ነጩን ያጠራዋል።

ሲሸጥ ዋጋውን በፍራንክ ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተቸንክሮ ስለቆየ የውጭ ገዢም ሒሳቡን ወዲያው ያወጣዋል። ከተማው ጫት ይዞ በሚቀመጥበት ከሰዓት ቀጠሮ አትስጡ። 11 ሰዓት ሲሆን፣ መዝጊያዎቹን ከፍታችሁ፣ ብርሃኑ በቅስቶቹ ሥር አግድም ሲገባ አሳዩ።

ደረጃው ሥር ደግሞ የመስኮት ያህል ቦታ ሳትለስኑ ተዉ። ኮራሉ ከነቀዳዳው ይታይ። ሁለተኛዋ ገዢዬ እዚያ ጋ ተንበርክካ ድንጋዩን በጥፍሯ ስትሞክረው ምንም አልረገፈም። ቁልፉን ሳስረክባት በርሜሉንም ከተረፈው ኖራ ጋር አስረከብኳት፤ ውኃው ከላዩ እንዳይጎድል ብቻ ብዬ።