ማጋዚን፦ ከድማሚት ቤት እስከ መጽሔት



የኮንስትራክሽን ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህራችን ስለ ድንጋይ ካባ ሲያስረዱ፣ «ማጋዚኑ ከመኖሪያ ቤት ርቆ መሠራት አለበት» አሉ። ከኋላ የተቀመጥነው ተያየን፤ መጽሔት ምን አጥፍቶ ነው ከቤት የሚርቀው? ለካ ድማሚት የሚቀመጥበትን ቤት ማለታቸው ነው።

ጓደኛዬ «እንግሊዝኛ መከራ ነው» አለኝ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ የቀራሁት ሰርፍ ትዝ አለኝ። «ከተበ» ጻፈ ነው፤ ፊቱ ሚም ሲገባበት «መክተብ» ይሆናል፤ የሚጻፍበት ቦታ። «ኸዘነ» ደግሞ አከማቸ ማለት ነው፤ የሚከማችበት ቦታ «መኽዘን»፣ ሲበዛ «መኻዚን» ይባላል።

ቃሉ ከንግድ ጋር ባሕር ተሻገረ። ጣሊያኖች ማጋዚኖ አሉት። ስፔኖች «አል»ን ሳይነጥሉ አልማሴን ብለው ወሰዱት። ፈረንሳዮች ዛሬ ሱቅን ማጋዛን ይሉታል። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን መጀመሪያ ትርጉሙ የዕቃ ማከማቻ ነበር። ከዚያ የባሩድ ማከማቻ፣ ቆይቶም ጠመንጃ ላይ ጥይት የሚደረደርበት ክፍል ተባለበት። በ1731 ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ ልዩ ልዩ ጽሑፎችን የሚያሰባስብ ወርኃዊ ኅትመት ሲጀምር «ዘ ጀንትልማንስ ማጋዚን» አለው፤ የጽሑፍ ማከማቻ እንደማለት። መጽሔት በዚህ መንገድ ማጋዚን ሆነ። የኛው መጋዘንና ካዝናም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ይኸው ሥር ቁርኣን ውስጥም አለ። በሱረቱ ዩሱፍ 55ኛ አያ ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በምድሪቱ «ኸዛኢን» ላይ እንዲሾሙ ንጉሡን ሲጠይቁ፣ ስለ ራሳቸው ሁለት ነገር ተናገሩ፦ ጠባቂነትንና ዐዋቂነትን። በጥጋቡ ሰባት ዓመት የተከማቸው እህል በድርቁ ሰባት ዓመት ሕዝብ አተረፈ።

እውነቱን ልናገር፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቂርአቱን ግቢው በር ላይ ጥዬው የገባሁ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ምን ይሠራልኛል ብዬ። ያን ቀን ግን ክፍሉ ግራ ሲጋባ የጠቀመኝ እሱ ነው።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ! መኽዘን ሲከፈት የሚወጣው የገባበት ነው፤ እህልም ይሁን ባሩድ። በእነዚህ የግቢ ዓመታት ልባችን ውስጥ የምናከማቸውን እንምረጥ። ያከማቸነውንም እንጠብቅ።

ወላሁ አዕለም።