ብቻህን አትግዛ፣ ብቻህን አትሙት

ቆይ፣ አትግዛ። መጀመሪያ ታብን ተጫንና የጓደኞችህን ገንዘብ እይ። የሽጉጡን ዙር ተሸንፋችኋል፤ እንደሚያበሳጭ አውቃለሁ። ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን ጨዋታ የሚያበላሸው ከሽንፈቱ ይልቅ ከእሱ ቀጥሎ በንዴት የሚገዛው ዕቃ ነው። ከኋላህ ቆሜ ሳይህ አተኳኮስህ ላይ እንከን አላየሁም። እጅህ ፈጣን ነው፣ ጆሮህም ይሰማል። የሚጎድልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብህንም ነፍስህንም የአምስታችሁ አድርገህ ማየት። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ሁለቱንም ብቻህን ስታወጣቸው ይባክናሉ።

ና፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ተከላካይ ሆነህ አጋማሹን በ800 ዶላር ጀመርክ። በ650 ኬቭላር ገዛህ፣ 150 ቀረህ። የሽጉጥ ዙር ለተሸነፈ 1900 ይሰጠዋል፤ ስለዚህ አሁን ኪስህ ውስጥ 2050 አለ። ኤምፒ ናይን በ1250፣ ሌላ ኬቭላር በ650 ብትገዛ ተመልሰህ 150 ላይ ነህ። ተቃራኒዎቹ የመጀመሪያውን ዙር አሸንፈው በተሻለ መሣሪያ ስለሚመጡ የመሸነፍህ ዕድል ሰፊ ነው። ከተሸነፍክ 2400 ይጨመርልሃል፤ ሦስተኛውን ዙር በ2550 ትጀምራለህ ማለት ነው። በ2550 ኤም ፎር አይገዛም። እንደገና በደካማ መሣሪያ ትገባለህ፣ እንደገና ትሸነፋለህ፣ ሦስት ዙር እንዲህ ሆኖ ያልፋል።

አሁን ምንም ባትገዛስ? 2050 ላይ 2400 ሲደመር 4450 ይሆናል። ድምፅ ማፈኛ ያለው ኤም ፎር 2900 ነው፣ ኬቭላር 650፣ የቦምብ ማክሸፊያ ኪት 400፣ ስሞክ 300፣ ፍላሽ 200። ደምረው፤ ልክ 4450 ነው። ሄልሜት አልገዛህም፤ ይሁን። ኤኬ የያዘ ሰው ጭንቅላትህን ከመታህ ሄልሜቱም አያድንህም፤ ያንን 350 ዶላር ኪቱ ላይ ማዋል ይሻላል። ሄልሜት ዋጋ የሚኖረው በማክ ቴን ወይም በሽጉጥ ሲመጡባችሁ ነው። ዋጋዎቹ በየማሻሻያው ትንሽ ትንሽ ይለወጣሉ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። አንድ ዙር ታግሠህ ቀጣዩን ሙሉ ሆነህ ትገባለህ።

ይህ የሚሠራው ግን አምስታችሁም አንድ ላይ ስትወስኑ ነው። አራቱ ቆጥበው አንተ ብቻህን ከገዛህ፣ በዚህኛው ዙር አንተ ለብቻህ ትሞታለህ፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ እነሱ ሲገዙ አንተ ባዶ እጅህን ትቆማለህ። ቡድኑ ሁለቱንም ዙር በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወይ ሁላችሁም ግዙ፣ ወይ ሁላችሁም ቆጥቡ። ገንዘብ የተረፈህ ቀን ደግሞ ጓደኛህ 1500 ይዞ ሲቸገር ዝም ብለህ አትየው፤ መሣሪያ ገዝተህ ጣልለት። አንተ ጋ ተከማችቶ የተቀመጠ 9000 ዶላር ለማንም አይተኩስም። አውፕ የሚባለው አነጣጣሪ ጠመንጃም ሲያምርህ አስብበት። 4750 ዶላር አውጥተህበት በአንድ ሰው 100 ብቻ ነው የሚመልስልህ፤ ኤምፒ ናይን ግን 600 ይሰጣል። አውፑን ይዘህ በሁለት ዙር ሁለቴ ከሞትክ የቡድኑን ኪስ ታራቁታለህ።

ሁለት ዙሮች ላይ ግን መቆጠብ ትርጉም የለውም። አንደኛው የአጋማሹ መጨረሻ ነው፤ 12ኛው ዙር ሲያልቅ ገንዘብ ሁሉ ወደ 800 ይመለሳል፣ ያተረፍከው ወደ ሌላው አጋማሽ አይሻገርም። ሌላኛው ተቃራኒዎቹ 12 ዙር አሸንፈው አንድ ብቻ ሲቀራቸው ነው። እነዚያ ላይ ያለህን ሁሉ አውጣ። ጨዋታው በ2023 ሲወጣ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ከ16 ዙር ወደ 13 ስለወረደ፣ እንደ ድሮው በዝግታ ተነሥቶ ለማካካስ ቦታው ጠቧል። አንዲት ያለ ሐሳብ የተገዛች ዙር ከበፊቱ ይልቅ ታስከፍላለች።

የራስህን ስትቆጥር የእነሱንም ቁጠር፤ ራሽን፣ ማለትም ሁሉም በአንዴ እየሮጡ መምጣታቸውን፣ ቀድመህ የምታውቀው በዚህ ነው። የሽንፈት ድጎማ ዝቅተኛው 1400 ነው፤ አጋማሹ ግን ከሁለተኛው ደረጃ፣ ከ1900 ይነሣና በየሽንፈቱ 500 እየጨመረ እስከ 3400 ይደርሳል፤ ሲያሸንፉ ደግሞ አንድ ደረጃ ይወርዳል። አጥቂዎቹ ደጋግመው ሲያሸንፉ ቆይተው አሁን ሙሉ ገዝተው ከተሸነፉና ማንም መሣሪያ ይዞ ካልተረፈ፣ የሚያገኙት ትንሽ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ዙር ሽጉጥ ወይም ማክ ቴን ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚጠቅሙት ቅርብ ለቅርብ ስለሆነ አምስቱም ተሰብስበው እየሮጡ ይመጡብሃል። የሚፈልጉት ሳይቱን፣ ቦምቡ የሚተከልበትን ቦታ፣ ብቻ እንዳይመስልህ፤ እጅህ ላይ ያለውን ኤም ፎርም ነው። ጥግ ጥግ ላይ ተጠግተህ አትጠብቃቸው። ራቅ ብለህ ቁም፤ ርቀት ላይ ኤም ፎር ሽጉጥን ይበልጣል።

አሁን ደስት ቱ ካርታ ላይ ቢ ሳይትን ብቻህን እየጠበቅህ ነው እንበል። ዋሻው ውስጥ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማህ። እዚህ ጋ ሁሌ የምታደርገውን እያየሁ ነው፤ ወደ ዋሻው አፍ ትወጣና አምስቱንም ለመጣል ትሞክራለህ። አንዱን ትጥላለህ፣ ሁለተኛው ይጥልሃል፣ ሳይቱም መሣሪያህም የእነሱ ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ ሥራህን ለውጥ። ሥራህ ማዘግየት ነው። የእሳት ቦምብ ካለህ ዋሻው አፍ ላይ ወርውር፤ ከሌለህ ስሞኩን። ሁለቱን ግን አንድ ቦታ ላይ አትጣል፤ ስሞክ እሳቱን ያጠፋብሃል። እሳትህን እነሱ በስሞካቸው ካጠፉት፣ ጭሱ ውስጥ ሆነው ሊወጡ ነው ማለት ነው፤ ያኔ አትጠጋ። ፍላሽህን በላይ አሳልፈህ ወርውርና ራቅ ካለ ቦታ ጠብቅ። የእጅ ቦምብ ካለህ ደግሞ በዚህ ጨዋታ ጭሱን ለአፍታ ይከፍተዋል፤ ማን የት እንደቆመ ታያለህ።

አንዱን ጣልክ? ጥሩ። በቃ፣ ከዚያ ቦታ ውጣ። ከኋላው ያለው የት እንደነበርክ አሁን አውቋል።

ይህን ሁሉ ስታደርግ አፍህም ይሥራ። «ኧረ መጡብኝ!» ማለት ለማንም አይጠቅምም። «ቢ፣ ዋሻ፣ ቢያንስ አራት፣ ቦምቡን አላየሁም» በል፤ የት፣ ስንት፣ ቦምቡ አለ ወይስ የለም። ቦምቡን ካላየህ አንድ ሰው ኤ ላይ ይቀራል፤ ካየኸው ሁሉም ይመጣል። ከመሞትህ በፊት ተናገር፤ ከሞትክ በኋላ የምትናገረው ለጓደኞችህ ብዙ ጊዜ ዘግይቶባቸዋል። እነሱ በበሩና በመስኮቱ በኩል እስኪደርሱ ድረስ በሕይወት ቆይ። ሁለት ሰው ከሁለት አቅጣጫ ሲተኩስ ራሹ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ይጠፋዋል።

ይህ ማዘግየት ገንዘብም ነው። አንድ ዙር 1 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ነው። ሰዓቱ ቦምብ ሳይተከል ካለቀ በሕይወት የተረፈ አጥቂ የሽንፈት ድጎማውን አያገኝም። ስለዚህ ስሞክህ ያስቆማቸው እያንዳንዷ ሴኮንድ ኪሳቸው ላይ ትቆጠራለች። ሰዓቱ እየገፋቸው ሲሄድ ይሳሳታሉ፤ ያልተፈተሸ ጥግ አልፈው ይሮጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ። ከአዲስ አበባ ሆነን ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ላይ ስንጫወት ፒንጉ፣ መልእክቱ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ከፍ ይላል። ያኔ በሩጫ ከጥግ የሚወጣው ሰው አንተ ከምታየው ቀድሞ ያይሃል። አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ላይ አነጣጥረህ ቆመህ መጠበቅ ለእኛ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ስሞክና ፍላሽ ላይ የምታወጣው ገንዘብ ለዚህም መፍትሔ ነው፤ ጭስ ፒንግ አይጠይቅም።

ሳይቱ ቢወሰድስ? ቦምቡ ሲተከል 40 ሴኮንድ አላችሁ። ኪት ያለው በ5 ሴኮንድ ያከሽፋል፣ የሌለው በ10። ስለዚህ ለመሰባሰብ ጊዜ አለ። አንድ በአንድ እየገባችሁ አትለቁ፤ ሦስት ሆናችሁ ጠብቁ፣ ፍላሹ ይወርወር፣ ከዚያ አብራችሁ ግቡ። ሁለት ብቻ ቀርታችሁ እነሱ አምስት ከሆኑ ግን አትግባ። ሂድ፣ ከፍንዳታው ራቅ፣ ኤም ፎርህን አትርፍ። ተከላካይ ሆነህ በሕይወት ብትተርፍ የሽንፈት ድጎማህን አታጣም፤ በእጅህ ያለው የ2900 ዶላር መሣሪያ ደግሞ ለቀጣዩ ዙር ያልፋል። ያተረፍከውን ገንዘብ ለጓደኛህ ትገዛበታለህ። ጓደኞችህ «ፈሪ» ቢሉህ አትመልስላቸው፤ በሚቀጥለው ዙር ኤም ፎር ጣልላቸው።

ሲሸነፍ የሚጮህ ልጅም አትሁን። የሰደብከው ሰው ቀጣዩን ዙር ካንተ ጋር አይገዛም፣ ካንተ ጋር አይቆጥብም፣ ኮቴ ሲሰማም አይነግርህም። ያኔ ጥሩ አተኳኮስ ብቻውን ምንም አያደርግልህም።

ነገ ማታ አምስታችሁ ስትሰበሰቡ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ምረጡ። እሱ «እንገዛለን» ሲል ሁላችሁም ትገዛላችሁ፣ «እንቆጥባለን» ሲል ሁላችሁም ትቆጥባላችሁ። የመረጣችሁት አንተን ካልሆነም ቃሉን ስማ፤ የተሳሳተ ውሳኔ አምስታችሁ አብራችሁ ስትፈጽሙት፣ አንተ ብቻህን ከምትፈጽመው ትክክለኛ ውሳኔ ይሻላል።