የባቡር ወለልና የቀርከሃ ብልሃት

የባቡር ወለል ሲባል ብዙ ሰው እግር የሚረግጠው ሳንቃ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ወለሉ መንገደኛውን ከነጓዙ ይሸከማል፤ ከሥሩ ባሉት የኤሌክትሪክና የፍሬን መሣሪያዎች እሳት ቢነሣም፣ መንገደኛው እስኪወርድ ድረስ ነበልባሉን ይከለክላል። በዚህም ላይ ቀላል መሆን አለበት፤ ባቡር ከየጣቢያው በተነሣ ቁጥር ትርፍ ክብደት ትርፍ ኃይል ይፈጃልና።

ለረጅም ዘመን ለዚህ ሥራ ያገለገለው ኮምፔንሳቶ ነው። እርሱም ደኅና ነገር ነው፤ ግን በበሩና በመጸዳጃው አጠገብ ውሃ በጠርዙ ከገባ ያብጣል፣ ኋላም ይበሰብሳል። ስለዚህ መሐንዲሶች ኮምፖዚት ወደሚባለው ነገር ዞረዋል። ይኸውም ጠባያቸው የተለያየ ነገሮች ተዋሕደው አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላበት ነው። አያቶቻችን ጭቃን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው ግድግዳ ሲመርጉ የሠሩት ይህንኑ ነው።

አሁን ቀርከሃ ቁረጡና ጫፉን ተመልከቱ። መካከሉ ባዶ ነው፤ ቃጫውም ወደ ውጭ ቆዳው እየተጠጋጋ፣ ወደ ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ማንኛውም ዘንግ ሲጎብጥ አንዱ ወገኑ ይለጠጣል፣ ሌላው ይጨመቃል፣ መካከሉ ግን እምብዛም አይደክምም። ስለዚህ ብርቱው በዳር፣ ቀላሉ በመካከል ቢሆን ይበቃል። እኔ በካርቶን ሞክሬዋለሁ። ሁለት ካርቶን ደርቤ በሁለት ወንበር መካከል ባጋድማቸው፣ መጽሐፍ ሲጫንባቸው ጎበጡ፤ በመካከላቸው አጫጭር የሸምበቆ ቁራጮች አቁሜ ባጣብቃቸው ግን ያንኑ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ተሸከሙ።

የዛሬው ኮምፖዚት ወለልም እንዲሁ ነው፤ ከላይና ከታች ጠንካራ ቆዳ፣ በመካከል ቡሽ ወይም ባልሳ የተባለው ቀላል እንጨት፣ ወይም እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ አሉሚኒየም። ለቆዳውም በመስታወት ቃጫ ፈንታ የተልባ አገዳ ቃጫ ለማግባት ይሞከራል። የመስታወት ቃጫ አሸዋን በብርቱ እሳት ማቅለጥ ይጠይቃል፤ ተልባ ግን ከእርሻ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ደግ ነው የሚለውን አሳብ አልቀበልም። ተልባ ውሃ ይጠጣል፤ ይነድማል። የካቲት 11 ቀን 1995 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ በዴጉ ከተማ አንድ ሰው በምድር ውስጥ ባቡር እሳት ለኰሰ። ጣቢያው የደረሰ ሁለተኛ ባቡርም ተያያዘ፤ 192 ሰዎች ሞቱ። የሠረገሎቹ የውስጥ ዕቃ ተቀጣጣይ ነበረ። ዛሬ በአውሮጳ ኢ.ኤን. 45545 የተባለው ደንብ የሠረገላን ዕቃ በነበልባሉ፣ በጢሱና በመርዙ ይፈትናል። ፈተናውን ለማለፍ ቃጫው እሳት በሚታገሥ ሙጫ ይነከራል፤ ፌኖል የተባለው ሬዚን ለምሳሌ ሲቃጠል ጢሱ ጥቂት ነው። ግን ሬዚኑ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ ተመልሶ አይቀልጥም፤ ወለሉ ሲያረጅም ተልባውን ከእርሱ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።