ትምህርት አሥራ አንድ፦ አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት (ዕድሜው የገፋ በቀቀን እጅ ላይ እንዲወጣ ስለ ማልመድ)

ባለፈው ትምህርት አንድን ቦታ ወይም አንድን ሰው በቃላት ስለሚሥል ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ለማያውቀው ሰው የሚያስረዳ ድርሰት እንመለከታለን። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት አንባቢ ጽሑፉን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ ሥራውን የሚጀምር ሰው ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሲሳሳት ሥራውም ይሳሳታል። በማስተምርበት ዘመን ስለ ቡና አፈላል ጽፎ እንዲመጣ ያዘዝሁት አንድ ተማሪ ቡናውን ከወቀጠ በኋላ የቆላበትን ድርሰት አምጥቶልኝ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ የተጎዳ ግን አልነበረም። ቀጥሎ ባለው ምንባብ ግን ቅደም ተከተሉ ቢዛባ የሚጎዳ ፍጡር አለ።

ምንባቡ ስለ ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ነው። ይህ ወፍ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች የሚኖር፣ ገላው ግራጫ፣ ጅራቱ ቀይ የሆነ፣ የሰውን ንግግር አስመስሎ በመናገር የታወቀ ነው። በአገራችንም በቀቀኖች አሉ፤ እንዲያውም ባለቢጫ ግንባሩ በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። የዱር ወፍ ግን መኖር ያለበት በዱር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በጆሐንስበርግ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤም ከዱር የተያዘ ግራጫ በቀቀን ለንግድ ተብሎ ከአገር ወደ አገር እንዳይተላለፍ ወስኗል። ምንባቡ የሚናገረው ከብዙ ዓመት ጀምሮ በሰው ቤት ስለኖረና ወደ ደን ሊመለስ ስለማይችል ወፍ መሆኑን ልብ በሉ።

በመጀመሪያ ምንባቡን ሳታቋርጡ አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ጊዜን የሚያመለክቱትን ቃላት ከሥራቸው አስምሩባቸው።

ምንባብ

ግራጫው በቀቀን በሰው እጅ ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ዕድሜው እንዲህ ረጅም በመሆኑ አሳዳጊው ቀድሞት የሚሞትበት፣ ወይም አርጅቶና ታሞ ሊይዘው የማይችልበት ጊዜ ይመጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያሉትን ወፎች ተቀብለው የሚያኖሩ መጠለያዎች አሉ። ወደ መጠለያ ከሚገቡት መካከል እጅ የሚፈሩት ጥቂት አይደሉም። እጅ ለእነርሱ በጉልበት የሚጨብጥ፣ በፎጣ የሚጠቀልል፣ ወደማይታወቅ ሣጥን የሚያስገባ ነገር ሆኖባቸዋል። አንዳንዱ ከጭንቀቱ ብዛት የገዛ ላባውን እስከ መንጨት ይደርሳል።

እጅ ላይ መውጣትን ማልመድ ለጨዋታ የሚደረግ አይደለም። ወፉ ይህን ከለመደ ሐኪም ሊያየው ሲመጣ፣ ቤቱ ሲጸዳ፣ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ሲነሣ ሳይጨበጥ ይወሰዳል። ካልለመደ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ በጉልበት መያዙ ነው፤ በተያዘ ቁጥርም ፍርሃቱ ይጨምራል።

ያረጀ ወፍ አይማርም የሚሉ ሰዎች አሉ። አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ አሌክስ የሚባል ግራጫ በቀቀን እ.ኤ.አ. በ1977 ገዝታ ቀለምን፣ ቅርጽንና ቁጥርን አስተምራዋለች። ወፉ እ.ኤ.አ. በ2007 በ31 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ትምህርቱን አላቆመም ነበር። ዕድሜ የገፋበትን ወፍ ከወጣቱ የሚለየው የመማር ችሎታው ሳይሆን ቀድሞ የተማረው ነገር ብዛት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ፍርሃት አንዱ ነው።

ልምምዱን ከመጀመራችሁ በፊት ወፉን የእንስሳት ሐኪም ይየው። ያረጀ ወፍ የእግሩ መገጣጠሚያ ሊያመው ይችላል። እግሩን እያመመው አልወጣም ያለውን ወፍ እልኸኛ ነው ብሎ መፍረድ በደል ነው። ከዚያም የሽቦ ቤቱን አንድ ጎኑ ግድግዳ እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በአራቱም ማዕዘን የተጋለጠ ወፍ አያርፍም። ሌሊት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ጸጥታና ጨለማ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አትጠይቁት። በአጠገቡ ተቀምጣችሁ መጽሐፍ ድምፅ እያሰማችሁ ብታነቡ ይበቃል።

በእነዚህ ቀናት ከሁሉ አስበልጦ የሚወደውን ምግብ ለዩ። ከተለያየ ፍሬ ጥቂት ጥቂት አቅርቡለትና አስቀድሞ የሚያነሣውን ተመልከቱ፤ ሱፍ ወይም ለውዝ ሊሆን ይችላል። ያንን ፍሬ ከዕለት ምግቡ አውጥታችሁ ለልምምድ ጊዜ ብቻ አቆዩት። ይህ ማለት ወፉን ማስራብ አይደለም፤ ሌላው ምግቡ አይጎድልበትም። አቮካዶ፣ ቸኮላትና ቡና ግን ለበቀቀን መርዝ ስለሆኑ በፍጹም አትስጡት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንገባለን። እጃችሁን ከሩቅ አሳዩትና ቀስ እያላችሁ አስጠጉ። ዓይናችሁ ከወፉ ላይ አይነሣ። ላባውን ከገላው ጋር አጣብቆ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ወይም ወደ ኋላ ካዘነበለ ፈርቷል ማለት ነው። እዚያ አትድረሱ። ወፉ ሳይፈራ እጃችሁን መልሱ፤ ጉርሻውንም ስጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ጥቂት ስንዝር ትጨምራላችሁ። ይህ የርቀት ሥራ ብቻውን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል።

እጅ ለሚፈራ ወፍ በትር ድልድይ ይሆናል። ቀጭን በትር አሳዩትና ጫፉን በመንቆሩ እንደነካ ጉርሻ ስጡት። ይህን ሲለምድ በትሩን ተከትሎ ወዲህና ወዲያ መሄድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እግሩ የሚጨብጠው ያህል ውፍረት ያለው መቆሚያ እንጨት ከእግሮቹ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ በፊቱ አግድሙት፤ ጉርሻውንም ከእንጨቱ ወዲያ ማዶ ያዙለት። አንድ እግሩን አሳርፎ ቢመልሰውም ሥራውን ሠርቷል፤ ስጡት። ሁለቱም እግሮቹ ከወጡና ሳይጨነቅ መቆሙን ከለመደ በኋላ እንጨቱን የምትይዙበትን ቦታ በየቀኑ ወደ ወፉ ጥቂት አቅርቡት። አንድ ቀን እግሩ በእንጨቱ ፋንታ በእጃችሁ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በቀቀን ወደ አዲስ ቅርንጫፍ ሲሻገር እግሩን ከማንሣቱ በፊት መንቆሩን ያስቀድማል። መንቆሩ ሦስተኛ እግሩ ነው፤ ቅርንጫፉ ይሸከመው እንደሆነ የሚመረምረው በእርሱ ነው። እጃችሁንም እንዲሁ ይነካዋል። ሊነክሰኝ ነው ብሎ እጁን የሚሰበስብ ሰው ወፉን ሁለት መጥፎ ነገር ያስተምረዋል፦ እጅ የሚከዳ ቅርንጫፍ መሆኑን፣ በመንቆር የተነካ እጅም እንደሚሸሽ። ስለዚህ እጃችሁ እንደ ዛፍ ይጽና። ይህን ያህል ለመጽናት ካልደፈራችሁ በእንጨቱ ቆዩ እንጂ እጃችሁን አታቅርቡ።

አንዱ ልምምድ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ወፉ ገና ጉርሻ እየፈለገ ሳለ አቁሙ። አንዳንዱ ሽማግሌ ወፍ እስከ መጨረሻው እጅ ላይ አይወጣም፤ በእንጨቱ ላይ ብቻ ይወጣል። እርሱም ሳይጨበጥ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ ስለቻለ የተፈለገው ተገኝቷል።

ሰዋስው፦ «ሲ»፣ «ሳ» እና «እንደ»

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ) ወፉ ሲፈራ እጃችሁን መልሱ።
ለ) ወፉ ሳይፈራ እጃችሁን መልሱ።

በጽሑፍ ያላቸው ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው፤ በችኮላ የሚጽፍ ሰው አንዱን በሌላው ቢተካ አይገርምም። በሥራ ላይ ግን ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። በሀ የተመራ ሰው እጁን የሚመልሰው ወፉ ከፈራ በኋላ ስለሆነ፣ እጁን ያባረረው ፍርሃቱ መሆኑን ወፉ ይማራል፤ በሚቀጥለው ቀን ፈጥኖ ይፈራል፣ አልፎም ይነክሳል። በለ የተመራ ሰው ደግሞ እጁን የሚመልሰው ወፉ ገና ተረጋግቶ ሳለ ነው። ወፉ የሚማረው ዝም ብሎ ቢቆም እጁ ሳይነካው እንደሚሄድና ጉርሻ እንደሚከተል ነው። ምንባቡ በሙሉ የቆመው በዚህች በአንዲት «ሳ» ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ሲ» በትንቢት አንቀጽ ላይ ገብታ ሁለት ድርጊቶች በአንድ ጊዜ መሆናቸውን ታመለክታለች። «ሳ» ግን ሁለት አገባብ አላት። «ልጁ ምሳውን ሳይበላ ሄደ» በምንልበት ጊዜ ድርጊቱ ጨርሶ አለመፈጸሙን እንገልጻለን። «ሳይመሽ ግቡ» ስንል ደግሞ መምሸቱ አይቀርም፤ የምናዘው ከዚያ አስቀድሞ እንዲሆን ነው። «ወፉ ሳይፈራ» የሚለው ሐረግ በሁለቱም ሊተረጎም ይችላል፤ በዚህ ቦታ ሁለቱም ትርጉሞች ወደ አንድ ሥራ ስለሚመሩ ጉዳት የለውም። አንባቢ ሊያመነታ ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን «ከመፍራቱ በፊት» ብላችሁ ጻፉ። ጥቂት ይረዝማል፤ ግን አያሳስትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጉርሻው የሚሰጥበት ጊዜ ነው። «በትሩን ከነካ በኋላ ጉርሻ ስጡት» ቢባል በሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን «በኋላ» የምትለው ቃል ምን ያህል በኋላ እንደሆነ አትናገርም፤ አንድ ደቂቃም በኋላ ነው። በዚያ ደቂቃ ውስጥ ወፉ ዞሮ ገላውን ቢያክ፣ ጉርሻው የተሰጠው ስለ ማከኩ ይመስለዋል። «በመንቆሩ እንደነካ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ያለችው «እንደ» ግን በሐላፊ አንቀጽ ላይ ስትገባ በሁለቱ ድርጊቶች መካከል ጊዜ እንዳይኖር ታደርጋለች። ይችው «እንደ» በሌላ ቦታ ማነጻጸሪያ ስለምትሆን («እጃችሁ እንደ ዛፍ ይጽና») አገባቧን ከሚከተላት ቃል ለዩ።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ «ሳ» የገባችባቸውን አምስት ቃላት አውጡና እያንዳንዳቸው «በፊት» ወይም «ያለ» በሚለው አገባብ መግባታቸውን ግለጹ።

2. በቀቀን እጅ ላይ ከመውጣቱ በፊት መንቆሩን የሚያስቀድመው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሱ።

3. የሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች አንባቢን ያሳስታሉ። ስሕተቱ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያስከትል ተናግራችሁ አርሟቸው።
ሀ) ወፉ ሲሰለች ልምምዱን አቁሙ።
ለ) እግሩን ካነሣ በኋላ ጉርሻ ይሰጠዋል።
ሐ) ሁለቱም እግሮቹ ሳይወጡ በእጃችሁ ያዙት።

4. ከሚከተሉት በአንዱ ላይ ከ15 እስከ 20 መስመር የሚሆን ድርሰት ጻፉ፦ ኮርቻ ያላየችን በቅሎ ኮርቻ ስለ ማልመድ፤ ጥጃ ከእናቱ ጡት ስለ ማስጣል፤ እንጀራ ስለ መጋገር። የምታውቁትን ሥራ ብቻ ምረጡ። ድርሰቱን ስትጨርሱ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት፤ እርሱም ከክፍሉ ፊት ቆሞ ያነበበውን በእጁ እንቅስቃሴ ያሳይ። እናንተ አፋችሁን አትክፈቱ። ጓደኛችሁ ግራ ተጋብቶ የቆመበትን ዓረፍተ ነገር ምልክት አድርጉበትና ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አስተካክላችሁ ጽፋችሁ ኑ።