ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ የሚደረግ አውጫጭኝ
(ስለ ሃይማኖትና ስለ ጅምላ ተጠያቂነት የቀረበ አጭር ጥናት)

ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማችን ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይጠራጠሩ ከአንድ ሳህን የሚበሉት ምግብ ዓሣ ነው። በግና ዶሮ የሚባርካቸው እጅ ይፈልጋሉ፤ ሥጋውም የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ይለያል። በበዓል ቀን ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጠራ፣ ለእንግዳው የምትሆነው ዶሮ በእንግዳው እጅ ታርዳ በሌላ ድስት ትሠራለች። ከደምበል ሐይቅ ለወጣ ቆሮሶ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። እኔና ጎረቤቴ የሆነው ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሳንቲማችንን አዋጥተን አንዱን የተጠበሰ ቆሮሶ ለሁለት እንበላ ነበር።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. የዳግም ትንሣኤ እሑድ ነበር። አይሲስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ምድር ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲያርድና ሲረሽን የሚያሳየውን ፊልም ያሰራጨው በዚያ ቀን ነው። በሠፈራችን የተለቀሰው ሟቾቹ ከየቤታችን የወጡ ያህል ነበር። በማግሥቱ ሰኞ ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ዓሣውን ከፍሎ ሲሰጠኝ እጄን ሰብስቤ «የእናንተ ሰዎች ለምን እንደዚህ አደረጉ?» አልሁት። እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እርሱም እንዲሁ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» ብሎ ድርሻውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄዬ ነው። ጥያቄው በልጅ አፍ ይነገር እንጂ የፈጠረው ልጅ አልነበረም። ከትልልቆቹ የሰማሁትን ነው የደገምሁት። ዛሬም በዩኒቨርሲቲያችን የመኝታ ክፍሎችና የምግብ አዳራሽ ውስጥ አልጠፋም። ስለሆነም ልንመረምረው ይገባል።

ሀ) የአስተሳሰቡ ስሕተት

የሎጂክ ትምህርት በመጀመሪያው ወር የሚያስተምረን አንድ ደንብ አለ። ላም ሁሉ እንስሳ ናት፤ እንስሳ ሁሉ ግን ላም አይደለም። «ገዳዩ ሙስሊም ነኝ ይላል» ከሚለው ተነሥቶ «ሙስሊም ገዳይ ነው» ወደሚለው የሚዘል ሰው ይህን ደንብ ጥሷል። ስሕተቱን በፈተና ወረቀት ላይ ብናገኘው ወዲያው በቀይ እንሰርዘው ነበር፤ በሐዘን ጊዜ ሲነገር ግን እውነት ይመስለናል። ሐዘን ቁጣን ይወልዳል፤ ቁጣም ማረፊያ ይፈልጋል። ገዳዩ ሩቅ ስለሆነ፣ በቅርብ የሚገኘው ጎረቤት ማረፊያ ይሆናል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነበር። እንግዲህ «የእናንተ ሰዎች» ስንል ከሦስት ኢትዮጵያውያን አንዱን በአንድ ቃል መክሰሳችን ነው።

ለ) አፈርሳታና ጉማ

አንዳንድ ሰው «ወንጀልን በጋራ መጠየቅ የአባቶቻችን ወግ ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዐት ነበረን። በአንድ መንደር ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል ነዋሪው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ይያዛል፤ ካልታወቀም ጉዳቱን በጋራ ይከፍላል። ንጹሑን ከጥፋተኛው ጋር የሚያጉላላ ስለሆነ ብዙ ነቀፌታ የሚገባው ሥርዐት ነው። ቢሆንም አፈርሳታ እንኳ ሁለት ወሰን ነበረው። የሚሰበሰበው ወንጀሉ የተፈጸመበት አካባቢ ሰው ነው፤ ጥፋተኛው በታወቀ ጊዜም ጉባኤው ይበተናል። የሊቢያው ገዳይ ግን ራሱን በፊልም ገልጦ «እኔ ነኝ» ብሏል። ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ የዝዋይን ሕፃን አቁሞ የሚጠይቅ አውጫጭኝ በአባቶቻችን ዘመንም አልነበረም።

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ያለው የጉማ ሥርዐትም ቢሆን ሌላ ነው። የገዳይ ዘመዶች አዋጥተው ካሳ የሚከፍሉት በቀሉ እንዲቆምና ሁለቱ ወገኖች እንዲታረቁ ነው። የእኛ ጅምላ ወቀሳ ግን ካሳ አይቀበልም፤ ዕርቅም የለውም።

ሐ) የሀገራችን ታሪክ

ከሽንብራ ኩሬ ጦርነት፣ ከመጋቢት 1521 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ በደጋው ክርስቲያን ልብ ውስጥ ጠባሳ ጥሏል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ሙስሊሞች በግድ ክርስትና እንዲነሡ መታዘዛቸውም በወሎ ሙስሊም ልብ ውስጥ ሌላ ጠባሳ ጥሏል። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጠባሳ ብቻ ያሳያል። ነጃሺ የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች በስደታቸው ጊዜ መቀበሉን ግን ሁለቱም በኩራት ያነሣሉ፤ አንሥተው ሲያበቁ ወደየጠባሳቸው ይመለሳሉ።

ቋንቋችንም ተባባሪ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የተለመደው አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚል ነበር። በቤቱ ውስጥ ያለን ሰው ተከራይ የሚያደርግ አነጋገር ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው ሰልፍ ሲወጡ፣ ክርስቲያኖችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብረዋቸው ወጡ። እኔ ጓደኛዬን የጠየቅሁበት ሰኞ ያ ሰልፍ በተደረገ ልክ በ41ኛው ዓመት የዋለ ቀን መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

መንግሥትም ከዚህ በሽታ ነጻ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተጀመረው የሙስሊሞች ጥያቄ የመጅሊሱን አመራር በነጻ ስለ መምረጥና መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ ስላለመግባት ነበር። በ2005 ዓ.ም. የኮሚቴው አባላት ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት ሳለ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የሕዝብን መብት የጠየቁትን ከውጭ አገር አሸባሪዎች ጋር አንድ አድርጎ የሚያሳይ ነበር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በፀረ ሽብር አዋጁ 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስም ተፈቱ። ሰዎቹ ይፈቱ እንጂ ፊልሙ በተመልካቹ ልብ ውስጥ የተከለው ጥርጣሬ ይቅርታ አልወጣለትም።

መ) ጥያቄው ወደ እኔ ሲመለስ

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በረመዳን ወር፣ ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ በጎንደር በአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ በተነሣ ግጭት ከ20 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ መስጊድና ንብረትም ተጎዳ። በሁለት ቀን ውስጥ ከባቱ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በስልጤ ዞን፣ በወራቤ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሰውም ሞተ። የወራቤ ክርስቲያን በጎንደር ምን አድርጎ ነበር? ምንም። የጎንደር ወንጀል ዕዳ ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚኖር ሰው ተጠየቀ።

በዚያ ሳምንት በትምህርት ቤት ግቢ አንድ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «የእናንተ ሰዎች ጎንደር ላይ ምን ማድረጋቸው ነው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» የሚለው መልስ ወደ አፌ መጣ፤ ከማን እንደሰማሁት ስላስታወስሁ ግን ሊወጣ አልቻለም። ያ የድሮ ጓደኛዬ አጠገባችን ቆሞ ነበር። «እሱን ተወው፤ ጎንደርን የሚያውቃት በካርታ ነው» አለና ሁሉም ሳቀ። በ2007 ዓ.ም. ለእርሱ እንዲህ ብሎ የሚመልስለት ሰው አልነበረም፤ ሊሆን ይገባው የነበረው እኔ ነበርሁ።

ሠ) ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ

«ገዳዮቹ በሃይማኖት ስም የገደሉ ስለሆነ ሃይማኖቱ እንዴት አይጠየቅም?» የሚል ቢኖር ተቃውሞው ከባድ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አይሲስ ሰለባዎቹን የመረጠው በሃይማኖታቸው ነው፤ ይህን መደበቅ ሟቾቹን መበደል ነው። ጥላቻን የሚሰብክ ሰው፣ ለገዳይ ገንዘብና መጠለያ የሚሰጥ ሰው በስሙ ይጠየቅ። ትምህርቱም ይመርመር፤ ከሁሉ ይልቅ ሊመረምሩት የሚችሉት የሃይማኖቱ ሊቃውንት ራሳቸው ናቸው። ነገር ግን ሰውን በሥራው መጠየቅና በተወለደበት ቤት መጠየቅ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛውን የምንቀበል ከሆነ ለጎንደር እኔ፣ ለወራቤ ጓደኛዬ መልስ መስጠት ይኖርብናል፤ ሂሳቡም መጨረሻ አይኖረውም።

«ለምን አያወግዙም?» የሚለውም ይነሣል። የሙስሊም መሪዎች የሊቢያውን ግድያ በይፋ አውግዘዋል። ደግሞስ ማውገዝ ለሰው ሁሉ የሚገባ ግዴታ ከሆነ ከአንዱ ተማሪ ብቻ ለምን ይጠየቃል? ንጽሕናውን በየቀኑ እንዲያስመሰክር የሚገደድ ሰው እንደ ተከሳሽ ይኖራል እንጂ እንደ ዜጋ አይኖርም።

ረ) ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስለ ወንጀል ስንናገር ወንጀለኛውን በስሙ ወይም በቡድኑ ስም እንጥራው። ሁለተኛ፣ ክፉ ወሬ በደረሰ ዕለት፣ በቀጣዩ ከተማ ያለው ንጹሕ ሰው ሳይነካ፣ የሁለቱም እምነት ተማሪዎች አብረው የሚወጡበትን ልማድ ማኅበራችን ይመሥርት፤ በ1966 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሦስተኛ፣ «የእናንተ ሰዎች» የሚል ቃል በፊታችን ሲነገር ዝም አንበል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ጓደኛዬ የተጠቀመው ስድስት ያህል ቃል ብቻ ነው።

እኔ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ለዕረፍት ወደ ባቱ ስመለስ ግን ከሐይቁ ዳር አንድ ቆሮሶ ለሁለት አስጠብሳለሁ፤ ነገሩንም እዚያ እጀምራለሁ ብዬ ወስኛለሁ። እናንተም፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከማን ጋር ያልጨረሳችሁት ምግብ እንዳለ አስቡ።